አሥራ ሰባት ኦክስጅን

ኢኩዌሽን ባላንስ ማድረግ ልጅን ከግምት አውጥቶ ከእውነት ያገናኛል ይላሉ። አያገናኝም። ሐይቅ ከተማ ላይ ኬሚስትሪ ባስተማርኩባቸው ዓመታት ሁሉ በጠመኔ ያስረገጥኩት አንድ እምነት ብቻ ነው፤ ግራና ቀኙ እኩል ከሆነ ነገሩ እውነት ነው የሚል። ይህ ከድንቁርና ይከፋል። የማያውቅ ሰው ቢያንስ ይጠይቃል። ባላንስ ያደረገ ሰው ግን ከመልሱ ሥር ሁለት መስመር አስምሮ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ያልፋል።

ትምህርቱን ለረሳ ሰው ላስታውሰው። የቤንዚንን መቃጠል ለመጻፍ ኦክቴንን እንወስዳለን፤ ስምንት ካርቦንና አሥራ ስምንት ሃይድሮጅን ያለው ነው። መጀመሪያ ካርቦኑን ትቆጥራለህ፣ ከዚያ ሃይድሮጅኑን። ኦክስጅንን መጨረሻ ላይ ታቆየዋለህ፤ ብቻውን ስለሚቆም ከፊቱ የፈለግኸውን ቁጥር ብትለጥፍ ሌላውን አያናጋም። አሥራ ሁለት ተኩል ይመጣልሃል። ግማሽ ሞለኪውል ስለማያምር ሁሉንም በሁለት ታባዛለህ። ሁለት ኦክቴን ሲደመር ሃያ አምስት ኦክስጅን፤ ከቀስቱ ማዶ አሥራ ስድስት ካርቦን ዳይኦክሳይድና አሥራ ስምንት ውሃ። አለቀ። ኦክስጅኑ ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቅ የለም። እንደ ሠርግ ቤት ጠላ ያስፈለገህን ያህል ትቀዳለህ።

ይህን ስሌት ከእኔ ቀድሞ የሚጨርስ ተማሪ ነበረኝ። ከአምባሰል ሥር፣ ከውጫሌ ወረድ ብላ ካለች መንደር የመጣ ረጅም ልጅ ነው፤ ሐይቅ ላይ ከጓደኞቹ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይማራል፣ አርብ አርብ ስንቅ ሊያመጣ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እኔ ጠመኔውን ሳላነሣ ከኋላ ወንበር ሆኖ «ሃያ አምስት!» ይላል፤ ድምፁ የበሬ ደላላ ድምፅ ነው። በኬሚስትሪ ክፍሉን ይመራ ነበር። የማጠናቀቂያ ፈተናውን ግን አላለፈም፤ የጣለው እንግሊዝኛ ነው። እንደ እኩዮቹ በባቲ በኩል ወርዶ፣ ባሕር ተሻግሮ ሳዑዲ ገባ። ከዓመታት በኋላም እንደ እኩዮቹ ተጠርዞ ተመለሰ። በመሃሉ እኔም ማስተማሩን ትቼ ጸሐፊ ሆንኩ፤ ግራና ቀኙን ማንም የማያመሳክርበት ሥራ ነው።

ባለፈው በጋ መግቢያ ላይ ሐይቅ መናኸሪያ አገኘሁት። በእጁ ቤንዚን የሞላ ጀሪካን ይዟል።

«ቲቸር! ምነው አረጁሳ!»

«አንተንም ሳዑዲ አላወፈረችህም።»

«ሳዑዲ የምታወፍረው የራሷን ሰዎች ነው» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ጉድጓድ ማስቆፈሩን፣ ሽንኩርት መትከሉን፣ እህቱ ጅዳ ሠርታ ባመጣችው ብር የውሃ ሞተር መግዛታቸውን ነገረኝ።

«ታዲያ ኬሚስትሪው ጠቀመህ?»

«እንዴታ! ይኸው ቤንዚን በየቀኑ አቃጥላለሁ። አንድ ቀን መጥተው ይዩልኝ እንጂ።»

እመጣለሁ አልኩት። አልሄድኩም። የሄድኩት ለለቅሶው ነው።

ጉድጓድ ውስጥ ሞተ የሚለው ወሬ ሐይቅ የደረሰኝ ከተቀበረ በኋላ ነው። በሦስተኛው ቀን በሚኒባስ ውጫሌ ደረስኩና ባጃጅ ያዝኩ። አምባሰል ሲባል ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው ቅኝቱን ነው፤ ከቅኝቱ ሥር ያለው መሬት በጋ ላይ እንዴት እንደሚጠማ ሲዘፈን ግን ሰምቼ አላውቅም። ግራና ቀኙ ነጭ አፈር ሆኗል። በዚያ አፈር መሃል፣ ባጃጇ እየነጠረች፣ አንድ የድሮ ክፍለ ጊዜ ትዝ አለኝ። አንድ ተማሪ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ ኦክስጅኑ ባይበቃስ?» አለ። እኔም «ፈተና ላይ ኦክስጅን ሁልጊዜ ይበቃል» አልኩት። ክፍሉ ሳቀ። እኔም በቀልዴ ተደስቼ ሰሌዳውን አጠፋሁ። የጠየቀኝ እሱ ይሁን ሌላ ልጅ በእውነት አላውቅም። የሰው ትዝታ ለሟች ማዳላት ይወዳል፤ ስለዚህ እሱ ነበር ብዬ አልምልም። መልሱን የሰጠሁት ግን እኔ ነኝ።

ለቅሶ ቤቱ ደጅ ላይ የቅሬው ድንኳን ተጥሏል፤ እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ የሚያለቅስበት፣ አንድ ላይ የሚያዋጣበት ማኅበር ነው። አባትየው ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። ቀጭን፣ ጢማቸው የነጣ፣ እጃቸው የሥር ጉንጉን የመሰለ ሽማግሌ ናቸው። ከጎናቸው ጎረቤታቸው አለ፤ ጎልማሳ ነው፣ ልጁን ከጉድጓድ ያወጣው እሱ ነው። እህትየው ውሃና ዳቦ ይዛ ትወጣለች ትገባለች።

«መምህሩ ነህ አይደል?» አሉኝ አባትየው። «ስምህን ያነሣ ነበር። ጎበዝ ነበር ልጄ?»

«ከሁሉም ጎበዝ ነበር፣ አባባ።»

«አልሃምዱሊላህ» አሉ። ከዚያ ሳልጠይቃቸው የሆነውን ነገሩኝ።

ውሃው በበጋው ሸሸ። ከላይ የተቀመጠው ሞተር አየር ብቻ ይምጥ ጀመር፤ ከተወሰነ ጥልቀት በታች ያለ ውሃ ወደ ላይ መሳብ አይችልም። በዚያ አገር ይህ ሲሆን ሰው ሁሉ የሚያደርገውን አደረጉ፤ ጉድጓዱ ውስጥ ከውሃው ከፍ ብሎ የእንጨት ቆጥ ሠርተው ሞተሩን እዚያ ላይ አወረዱት። ልጁ ጠዋት ጠዋት ይወርዳል፣ ገመዱን ስቦ ያስነሣል፣ ቶሎ ይወጣል። ሁለት ሳምንት እንዲህ ሠሩ። የዚያን ቀን ሞተሩ ግማሽ ሰዓት ያህል ሠርቶ ጠፋ። ልጁ «መጣሁ» ብሎ ሊያስነሣው ወረደ። ቢጠሩት አይመልስም።

«ኩራዝ አወረድኩ» አሉ አባትየው። ጣታቸውን እንደ ክር ወደ ታች ዘረጉ። «እኔ የጉድጓድ ቆፋሪ ልጅ ነኝ። አባቴ ያስተማረኝ፣ ጉድጓድ ከመግባትህ በፊት በገመድ ኩራዝ አውርድ፤ ከጠፋ አትግባ ብሎ ነው። አወረድኩ። ልጄ እስከተጋደመበት አወረድኩ። አልጠፋም። ቤት ውስጥ እንደሚበራው በራ። አየሩ ደህና ነው ማለት ነው። ደህና አየር ሰው አይገድልም። ታዲያ ማን ገደለው?»

«ጂን ነዋ» አለ ጎረቤትየው። «እኔ ወገቤን በገመድ ታስሬ ነው የገባሁ። ልጁን አስሬ እስክወጣ ድረስ ራሴን በመዶሻ ነው የሚለኝ። ሲያስመልሰኝ ዋለ። ሰው መታኝ እንዳልል ማንም የለ።»

ትናንት የሰፈሩ ሰዎች ለኅብረት ጸሎት ወዳጃ ተቀምጠው ዱዓ ተደርጓል፤ ቀይ ፍየል ጉድጓዱ አፍ ላይ ታርዷል። ጉድጓዱ ከጂኑ ጸድቷል ተብሏል። ሽንኩርቱ ደግሞ ራስ መቋጠር ጀምሯል፤ ውሃ ካገኘ ቀናት አልፈዋል፣ ጫፉ ቢጫ ሆኗል። ሞተሩ አሁንም ቆጡ ላይ ነው።

«ነገ ጠዋት እኔ ነኝ የምወርድ» አለች እህትየው፣ ብርጭቆውን ከፊቴ እያነሣች። «ሞተሩን ማስነሣት አውቃለሁ።»

አንድ ነገር ልናዘዝ። ብዙ መጽሐፍ አንብቤያለሁ፤ ከእኒያ ሽማግሌ የጠራ አስተሳሰብ የያዙት ጥቂቶቹ ናቸው። ጠረጠሩ፣ ፈተኑ፣ ያዩትን ተቀበሉ፣ ያልሆነውን ሰረዙ፣ የቀረውን ያዙ። እኔ በማስተማር ዘመኔ አንዲት ኩራዝ እንኳ ወደ የትም አውርጄ አላውቅም። ስህተታቸው አንድ ብቻ ነበር፤ ኩራዙ የማያውቀው አየር መኖሩን አለማወቃቸው። እሱን መናገር የነበረበት ሰው ደግሞ ሰሌዳ እያጠፋ ይስቅ ነበር።

«አባባ፣ ኩራዙ ልክ ነው። ግን ሌላ ነገር አለ» አልኩ።

እንጨት አንሥቼ መሬቱ ላይ ጻፍኩ። ለቅሶ ቤት ኦክቴን መጻፍ ያሳፍራል፤ ያለኝ ግን እሱ ነው። መጀመሪያ ሃያ አምስቱን ጻፍኩ። ከሥሩ ሌላ መስመር ሠራሁ፤ ሁለት ኦክቴን፣ አሥራ ሰባት ኦክስጅን፤ ከቀስቱ ማዶ አሥራ ስድስት ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ አሥራ ስምንት ውሃ። እህትየው ብርጭቆዋን ይዛ ቆማ ቀረች። እስከ አሥረኛ ክፍል ተምራለች። ከንፈሯ ሲቆጥር አየሁት።

«ይሄም እኮ ባላንስ አደረገ» አለች።

«አዎ።»

«ሁለቱም ልክ ከሆኑ የትኛው እንደሆነ በምን ያውቃሉ ቲቸር?»

በዚያ ሁሉ ዓመት አንድም ተማሪ ይህን ጠይቆኝ አያውቅም። እኔም ራሴን ጠይቄ አላውቅም። «ወረቀቱ አያውቅም» አልኳት። «ሞተሩ ነው የሚያውቅ። ኦክስጅን ሲያንሰው ቤንዚኑን ማቃጠል አይተውም፤ ሁለተኛውን መንገድ ይዞ ይሄዳል። እውነተኛው ጭስ ደግሞ ከሁለቱም የተቀላቀለ ነው። ጉድጓድ ውስጥ ሁለተኛው ይበዛል። እሱ ጋዝ ኩራዝ አያጠፋም። አይታይም፣ አይሸትም። ሰው ሲተነፍሰው ደሙ ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። ኩራዝ ደም የለውም።»

ጎረቤትየው አገጩን አሸት አሸት አደረገ። «አይታይም። አይሸትም። እሳት አይፈራም። ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጦ የሰው ደም ይገባል፣ ራስ ይመታል። መምህር፣ እኛ እኮ ጂን የምንለው ይህንኑ ነው!»

ድንኳኑ ሳቀ። ለቅሶ ቤት ሳቅ ሲመጣ እንደ ዝናብ ነው፤ ማንም አያቆመውም። እኔ ግን ምላሴ አላርፍ ብሎ «ልዩነቱ ይሄኛው ፍየል አይቀበልም» አልኩ።

ሳቁ ተቆረጠ። አንድ ሽማግሌ ከጥግ «አስተግፊሩላህ» አለ። ሰውን ለማሳመን መጥቼ በሁለት ቃል የሰውን እንባና ጸሎት ረገጥኩ። ይህ የድሮ በሽታዬ ነው፤ ነገር ከማዳን ነገር ማሸነፍ ይቀለኛል።

አባትየው አልተቆጡም። መሬቱ ላይ የተጻፈውን ያዩ ነበር፤ ፊደሉን አያውቁትም፣ ግን ያዩታል።

«ሁለት ሳምንት ወርዶ ወጥቷል። ስለምን ያን ጊዜ አልገደለውም?»

«ጠዋት ሲወርድ አየሩ ሌሊቱን ሞተር ሳይሠራበት ያደረ ነው፣ ንጹሕ ነው። አስነሥቶ ወዲያው ይወጣ ነበር። ያን ቀን ግን የግማሽ ሰዓት ጭስ በሞላበት ውስጥ ነው የተመለሰ።»

«ሞተሩ ከላይ ቢሆን ኖሮስ?»

«ጭሱን ነፋስ ይወስደው ነበር።»

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ለእኔ ብቻ እንደሚያወሩ፣ «ቆጡን የሠራሁት እኔ ነኝ» አሉ። «እንጨቱን ከባሕር ዛፌ የቆረጥኩት እኔ ነኝ። እሱ እስከ ክረምት ይቅር ብሎ ነበር። እኔ ነኝ ሽንኩርቱ ያሳዝናል ያልኩት።»

ያን ጊዜ ገባኝ። ጂኑ ለእሳቸው አጉል እምነት አልነበረም፤ መጠለያ ነበር። ጂን የገደለው ልጅ አባት ያለቅሳል እንጂ ራሱን አይከስስም። እኔ ደግሞ ከሐይቅ ድረስ የመጣሁት ያንን መጠለያ ላፈርስ ነው። ካላፈረስኩ ልጅቷ ነገ ጠዋት ትወርዳለች። ነገ ላትሞት ትችላለች፤ ወንድሟም በመጀመሪያው ቀን አልሞተም። ሞተሩ አንድ ቀን ሲጠፋባት ግን «መጣሁ» ብላ ትመለሳለች።

ፈሪ ሰው የሚያደርገውን አደረግሁ፤ መሃል መንገድ ፈለግሁ። «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አባባ። እኔ ነኝ ያላስተማርኩት» አልኩ።

ቀና ብለው አዩኝ። «አንተ ቆጥ ሠርተሃል?»

«አልሠራሁም።»

«እንግዲያ ያልሠራኸውን አትውሰድ። የጠየቅሁህን መልስ። ቆጡ ነው?»

«አዎ» አልኩ። «ቆጡ ነው።»

ስለ ኦክስጅን አልጨመርኩም። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁና ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉት። በሕይወቴ በክርክር ያሸነፍኩባቸው ጊዜያት ብዙ ናቸው፤ እንደዚያ ቀን የተጸየፍኩት ግን የለም።

ነገሩን የጨረሰው ግን የእኔ መልስ አይደለም። እህትየው ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀመጠች።

«አባ፣ ጅዳ የሠራሁበት ቤት መኪና ማቆሚያው ከቤቱ ሥር ነበር። ማዳሟ በሩ ሳይከፈት ሞተር ያስነሣ ሾፌር ካየች ጉድ ነው፤ እየጮኸች ነው የምታስወጣው። ለመኪናዋ የምትሳሳ ይመስለኝ ነበር። ለምን ብዬ ጠይቄ አላውቅም።» ፊቷ እንደ ዓመድ ሆኗል። «እሱ ሲወርድ እኔ አጠገቡ ነበርኩ። አውቀው ነበር እኮ። ሳላውቀው አውቀው ነበር።»

አባትየው ከጋቢው ሥር «አብሽሪ፣ ልጄ» አሉ። የሚያጽናናቸው የሚያስፈልጋቸው እሳቸው ሆነው ሳለ።

እሷም እንባዋ እስኪያባራ አልጠበቀችም። ወደ ጎረቤትየው ዞረች። «ገመዱ ያንተ ቤት ነው አይደል? አምጣው። ሞተሩ ከአሱር ሶላት በፊት ይወጣል።»

«ሰው ሳይገባ እንዴት ይወጣል?»

«አየሩ ሦስት ቀን አድሯል፤ ሞተሩም አይሠራም» አልኩ። «አንድ ሰው ወገቡን ታስሮ ቢገባ ያሁኑ ችግር የለውም።»

«እንግዲያ አንተ ግባ፣ መምህር» አለ ጎረቤትየው። ቀልዱን ነው፤ ዓይኑ ግን አልቀለደም።

ገባሁ። ጀግንነት አይደለም፤ ያቺን ዓረፍተ ነገር ከተናገርኩ በኋላ ሌላ ሰው ቢገባ ሐይቅ ተመልሼ በሰው ፊት መሄድ አልችልም ነበር። ኩራዙን ግን አባትየው ራሳቸው ቀድመው አወረዱልኝ። ጉድጓዱ ውስጥ የሚሸተው እርጥብ አፈርና ቤንዚን ብቻ ነው። ቆጡ ጠንካራ ነበር፤ በደንብ የተሠራ፣ መጋጠሚያው በልጥ የታሰረ። ሞተሩን አሰርኩት፣ ሳቡት፣ ወጣ። ቆጡን እንዳፈርሰው የነገረኝ የለም፤ እኔም አላፈረስኩትም። አባትየው ከላይ ሆነው ያዩ ነበር።

ከዚያ የሆነው ቶሎ ይነገራል። ሞተሩ ከላይ ሆኖ ውሃውን አልደረሰበትም። የቅሬው ሰዎች በባልዲ እየቀዱ ሁለትና ሦስት መደብ አጠጡ፤ ሽንኩርቱ ለባልዲ አልበቃም፣ ደረቀ። እህትየው ሞተሩን ሸጣ ከዝናብ በፊት ወደ ጅዳ ተመለሰች። ከሞት ያተረፍናት ለዚያው ለጅዳ ኩሽና ነው። አባትየው ጉድጓዱን በእሾህ ዘግተውታል። ሁለት ጊዜ ሄጄ ጠይቄያቸዋለሁ፤ የወሎ ሰላምታ ረጅም እንደሆነ የሚያውቅ ያውቃል፤ ለእኔ ግን አንዲት የሰላምታ ቃል ብቻ ነበረቻቸው። ለሌላ ሰው ሲናገሩ አሁንም ጂን ነው ይላሉ አሉ። በዚህ ዓለም ሳልከራከር የተውኩት ሰው ቢኖር እሳቸው ናቸው።

እኔ ግን ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ዓይኔ አያርፍም። ከሐይቅ ውጫሌ ስሄድ፣ በአርዲቦ ሐይቅ ዙሪያ ስወጣ ስወርድ፣ ሰማያዊ ቱቦ ከመሬት ብቅ ብሎ ውሃ ሲተፋ አያለሁ፤ የሞተሩ ድምፅ ደግሞ ከእግሬ ሥር ይመጣል። ወርጄ አናግራቸዋለሁ። ይስቃሉ። ኩራዛቸውን ያሳዩኛል። አንዱ፣ መቼም ጨዋ ሰው ነው፣ «እሺ መምህር፣ ከርሞ እናስተካክላለን» አለኝ። ከርሞ ማለት ሽንኩርቱ ከተነቀለ በኋላ ማለት ነው።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ እንዴት ያሳዝናል ብለህ ገጹን አትግለጥ። ኀዘንህ ለማንም አይጠቅምም። በጋ ላይ መስኖ የሚያጠጣ ዘመድ ወይም ጎረቤት አለህ። አሁኑኑ ደውልለትና ሞተሩ የት እንደተቀመጠ ጠይቀው። ጉድጓድ ውስጥ ነው ካለህ፣ እስኪያወጣው ድረስ ስልኩን አትዝጋ።